የመስታወት ስፖንጅ፦ ቅርጹን ተዉትና እሾሁን እዩ

የጥልቅ ባሕር ፎቶ አይቶ «ይሄማ እገሌ ዝርያ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጠርጠር አድርጉት። የመስታወት ስፖንጅ፣ ማለትም አጽሙ መስታወት ከሚሠራበት ሲሊካ የሆነ የባሕር እንስሳ፣ መልኩ ያታልላል። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ዝርያዎች ቁርጥ አንድ ዓይነት ዋንጫ ሊመስሉ ይችላሉ፣ አንዱ ዝርያ ደግሞ እንደ ዕድሜው ቅርጹን ይለውጣል። ማንነቱ የሚታወቀው ስፒክዩል በሚባሉት የሲሊካ እሾሆቹ ነው።

መነሻው ስድስት ጨረር ያለው እሾህ ነው፤ ሦስት ዘንጎች መሃል ላይ በ90 ዲግሪ ሲገናኙ ማለት ነው። ከዚያ ጨረሮቹ እየቀነሱ አምስት፣ አራት፣ ሁለትም ይሆናሉ። ሁለት ብቻ የቀረለት ተራ መርፌ ይመስላል፣ ግን ውስጡ ያለውን ቀጭን ቦይ በማይክሮስኮፕ ብታዩ ብዙ ጊዜ የመስቀሉ ምልክት እዚያው አለ።

ትልልቆቹ እሾሆች አካሉን ይሸከማሉ፤ ክርክሩን የሚፈቱት ግን በዓይን የማይታዩት ናቸው። በሁለቱም ጫፉ ጃንጥላ የዘረጋ ዘንግ፣ ማለትም አምፊዲስክ ካለው፣ ከመስታወት ስፖንጅ ሁለት ወገኖች አምፊዲስኮፎራ የሚባለው ነው። ጨረሮቹ ጫፋቸው ላይ ተመልሰው የሚበታተኑ ሄክሳስተሮች ካሉት ደግሞ ሄክሳስቴሮፎራ። ከመጀመሪያው ወገን ሞኖራፊስ ቹኒ የሚባለው ዝርያ ጉደኛ ነው፦ የባሕር ወለል ላይ የሚተክለው አንድ እሾህ እስከ 3 ሜትር ይረዝማል፣ የአንዱም ዕድሜ ወደ 11,000 ዓመት ተገምቷል።

ቀጥሎ የሚታየው እሾሆቹ ተበየዱ ወይስ ልቅ ናቸው የሚለው ነው። እንደ ፋሬያና አፍሮካሊስቴስ ያሉት ስፖንጆች እሾሆቻቸው ተበይደው ጠንካራ መረብ ስለሚሆኑ ስፖንጁ ከሞተ በኋላም አጽሙ ይቆማል፣ አዲሱም እላዩ ላይ ይበቅላል፤ በ1987 በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ፣ ሄኬት ስትሬት ውስጥ የተገኙት ሕያው የስፖንጅ ሪፎች (በባሕር ወለል ላይ የተከመሩ ጉብታዎች) የተገነቡት በዚሁ መንገድ ነው። ልቅ እሾህ ያለው ግን ሲሞት ይበተናል።

እሾሆቹን ለይቶ የማውጣቱ አሠራር ቀላል ነው። ቁራጩን በረኪና ውስጥ ትነክሩታላችሁ፣ ሥጋው ይሟሟል፣ የቀረውን ደጋግሞ አጥቦ ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ ማድረቅ ነው። ችግሩ ስፖንጅ የጎረቤቱንም እሾህ ይሰበስባል፤ አንድ ብቸኛ አምፊዲስክ አግኝቶ መፎከር አያዋጣም። ስለዚህ ከውጭው ገጽ፣ ከውስጠኛው ገጽና ከሥሩ ለየብቻ ቁረጡ፤ አንዴ በረኪናው ውስጥ ከተደባለቀ የትኛው እሾህ ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ የለም።