ሬቶሪክ ምንድን ነው? የፍሬድሪክ ዳግላስን መጽሐፍ ይዤ ልሟገት

ሰሞኑን ስለ ጥቁሩ አሜሪካዊ የፀረ ባርነት ታጋይ ፍሬድሪክ ዳግላስ ግለ ታሪክ ሲወራ አንድ አስተያየት ሰጪ «ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ሬቶሪክ ነው» አለ። ብዙ ሰው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። የፖለቲከኛ ንግግር ሲያንገሸግሸን «ሬቶሪክ ነው» እንላለን፤ ባዶ ቃል፣ ሽንገላ ለማለት። እሱስ ይሁን። በባርነት ተወልዶ ያመለጠ ሰው በጻፈው መጽሐፍ ላይ ቃሉን እንዲህ ስንለጥፍ ግን ሰውየውን በጨዋ አማርኛ ውሸታም እያልነው ነው።

ስለ አርስቶትልና ስለ ሦስቱ የማሳመኛ መንገዶች እዚህ አልደግምም። ተማሪ ሁሉ ሸምድዷቸዋል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ያማረ ነገር ሁሉ በማማሩ ብቻ መጠርጠሩ።

ጥርጣሬው በቋንቋችን ውስጥም አለ። «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» እንላለን። ግን ይኸው ቋንቋ ጥሩ ተናጋሪን «አንደበተ ርቱዕ» ይለዋል። ርቱዕ በግዕዝ ቀጥ ያለ፣ የቀና ማለት ነው። «ሕግና ርትዕ» ስንል የምንጠራው ርትዕም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። አባቶቻችን ጥሩ ንግግርንና ፍትሕን በአንድ ቃል ማሰር አልከበዳቸውም።

ሬቶሪክ ማለት አንድ የታወቀ ሰሚ አንድን ነገር እንዲቀበል ቃል መርጦ፣ ቅደም ተከተል ሰጥቶ፣ የሚባለውን ከማይባለው ለይቶ ማቅረብ ነው። ውሸትም እውነትም በዚሁ መንገድ ይቀርባሉ። እውነት ስለሆነ ብቻ በራሱ እግር ሄዶ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም።

የድሮውን የበላ ልበልሃ ሙግት አስቡ። ከሳሽ ቆሟል። መሬቱ በእርግጥ የእሱ ነው፤ ድንበሩም በእርግጥ ተገፍቷል። ታዲያ «መሬቴ ነው» ብሎ ዝም ይላል? አይልም። ነገሩን በግጥም ያዋዛል። ተከሳሹን በገዛ አፉ ይይዘዋል። ዋስ ይጠራል፣ ምስክር ይቆጥራል። አሳምሮ በመናገሩ መሬቱ የሌላ ሰው አይሆንም።

ዳግላስ የቆመው በየትኛው ችሎት ነው? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወጣት ሳለ፣ ገና ባሪያ ሆኖ፣ በሜሪላንድ ግዛት ባልቲሞር ውስጥ በአንድ የመርከብ መሥሪያ ሲሠራ አራት ነጭ ሠራተኞች ደበደቡት። አንዱ ግራ ዓይኑን በጫማ መታው፤ ሊፈርጥ ምንም አልቀረው። ጌታው ሂዩ ኦልድ ወደ አንድ የሕግ ሰው ወሰደው። ድብደባው በጠራራ ፀሐይ፣ በብዙ ሰው ፊት የተፈጸመ ነበር። የሕግ ሰውየው መልስ አጭር ነበር፤ ነጭ ምስክር ካልቀረበ ምንም ማድረግ አልችልም። ዳግላስ በመጽሐፉ የሚለው ይህን ነው፤ ሺህ ጥቁሮች እያዩኝ ብገደል እንኳ፣ የሁሉም ምስክርነት ተደምሮ ከገዳዮቹ አንዱን ለማሳሰር አይበቃም ነበር።

እንግዲህ በሜሪላንድ ፍርድ ቤት አፍ የለውም። የቀረው ችሎት መጽሐፍ ነው። በ1845 ቦስተን ላይ አሳተመው። ዳኞቹ ባርነት በቀረበት በሰሜን አሜሪካ ግዛቶች የሚኖሩ ነጭ አንባቢዎች ናቸው። ስለዚህ «ሬቶሪኩን ቀንሰን እውነቱን ብቻ እንውሰድ» የሚለኝን ሰው አንድ ነገር ልጠይቀው። ያ ሰው በየትኛው አፍ እንዲናገር ነው የምትፈልገው?

ይህን ጥያቄ ዳግላስ በሕይወት ሳለም ሰምቶታል። ከ1841 ጀምሮ በፀረ ባርነት ስብሰባዎች ላይ ሲናገር ደጋፊዎቹ ነጮች «አንተ ድርጊቱን ብቻ ንገረን፣ ፍልስፍናውን ለእኛ ተው» ይሉት ነበር። ትንሽ የእርሻ ቦታ አነጋገር ቢኖርህ ይሻላል ያሉትም አሉ። አጥርቶ ሲናገር ሕዝቡ «ይሄ ሰውዬ ባሪያ ነበር ማለት ይከብዳል» ማለት ጀመረ። ይህን ሁሉ በ1855 በሁለተኛው ግለ ታሪኩ ጽፎታል። የዛሬው አስተያየት ሰጪ ሳያውቀው ያንኑ እየደገመ ነው። የተበደለ ሰው እየተንተባተበ ካልተናገረ አናምነውም።

መጽሐፉን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚያወራው ዳግላስ አይደለም። የፀረ ባርነት ታጋዮቹ የዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን መቅድምና የዌንደል ፊሊፕስ ደብዳቤ ይቀድማሉ። በሙግቱ ቋንቋ ዋሶች ናቸው። ሽፋኑ ላይ «በራሱ የተጻፈ» የሚል አለ፤ ሆኖም ከሳሹ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሁለት ነጮች «እመኑት» ማለት ነበረባቸው። እኔ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ያመኛል። በ1855ቱ መጽሐፍ ላይ መግቢያውን የጻፈው ጥቁሩ ሐኪም ጄምስ መኩን ስሚዝ ነው። ዳግላስ ዋሱን ቀይሯል።

አሁን ወደ ራሱ ቃል። አጀማመሩ በዘመኑ የግለ ታሪክ ወግ ነው፤ «የተወለድኩት…» ይላል። ቦታውን በማይል ለክቶ ይሰጣል፤ ታካሆ፣ ከኢስተን ወደ 12 ማይል ያህል፣ ታልቦት ካውንቲ፣ ሜሪላንድ። አንባቢው ቀጥሎ ዓመተ ምሕረት ይጠብቃል። ዓመቱ የለም። ዕድሜውን አያውቅም፤ ብዙዎቹ ባሮች ስለ ዕድሜያቸው የሚያውቁት ፈረስ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ያህል ነው ይለናል። አይጮኽም፣ አያለቅስም። አንባቢው ስለ ራሱ በቀላሉ የሚሞላውን ቦታ ባዶ አድርጎ ያሳየዋል። እዚህ ላይ የትኛው እውነት፣ የትኛው ሬቶሪክ ነው? ሁለቱም ያው ባዶ ቦታ ናቸው።

ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥ የምወደው ክፍል የሂዩ ኦልድ ንግግር ነው። ሚስቱ ሶፊያ ልጁን ፊደል ማስቆጠር ጀምራለች። ባል ደረሰባትና ከለከላት። ስድቡን ትቼ ሐሳቡን ልጥቀስ፤ ይህን ልጅ ማንበብ ካስተማርሽው የሚይዘው አይኖርም፣ ከእንግዲህ ለባርነት አይሆንም። ዳግላስ «ባርነት የቆመው ሰውን በማደንቆር ነው» የሚል ክርክር መጻፍ ይችል ነበር። አልጻፈም። ጌታው ራሱ እንዲለው አደረገ። በበላ ልበልሃ ከዚህ የበለጠ ድል የለም፤ ተከሳሽ በገዛ አፉ መሰከረ። ልጁ ግን እዚያው ሆኖ ትምህርቱን ወሰደ። ጌታው በጣም የፈራውን እሱ በጣም ወደደው። በኋላ ለጎረቤት ነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጠ ማንበብ ተማረባቸው።

ከዚያ ያቺ ዝነኛ ዓረፍተ ነገር አለች። ባሪያ በመስበር ከታወቀው ጨካኝ ገበሬ ከኤድዋርድ ኮቪ ጋር በ1834 ከመታገሉ በፊት የምትመጣዋ፦ «ሰው ባሪያ ሲደረግ አይታችኋል፤ ባሪያ ሰው ሲደረግ ደግሞ ታያላችሁ።» ብዙ ማብራሪያ «ቃላቱ ቦታ ተለዋወጡ» ብሎ ያልፋታል። ስሟን ሰጥቶ ማለፍ ትንተና አይደለም። ማን እንደቀደመ ተመልከቱ። ሰው ቀደመ። ባሪያ «ተደረገ» እንጂ አልተወለደም። የባርነት ደጋፊዎች ጥቁር በተፈጥሮው ለዚህ የተሠራ ነው እያሉ ይሰብኩ ነበር። ያ ሁሉ ስብከት በአንድ ግስ ፈረሰ።

የዝምታም ሬቶሪክ አለ። መጽሐፉ የማምለጥ ታሪክ ነው፤ እንዴት እንዳመለጠ ግን አይነግረንም። በ1838 አመለጠ፣ በቃ። ምክንያቱን ይሰጣል፤ ብናገር የረዱኝን አስይዛለሁ፣ ለሚከተሉኝም በሩን እዘጋለሁ። የባሪያ ጌታ በጨለማ እየዳበሰ ይኑር ይላል። መንገዱን የዘረዘረው በ1881 ነው፤ ባርነት ካበቃ በኋላ። የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ የሌላ መርከበኛ ወረቀት ተውሶ፣ ከባልቲሞር በባቡር ነበር የወጣው። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ነው። የማሳመር ሱስ ያለበት ሰው 36 ዓመት አይደብቀውም።

የሙግት ምሳሌዬ እዚህ ላይ አይበቃም፤ ልተወው። በእኛ ሙግት የተረታ መሬቱን ያጣል። ዳግላስ ግን የጌቶቹን ስም፣ መንደሩን፣ የራሱን የቀድሞ ስም ሲዘረዝር ሰውነቱን አስይዟል። ሕጉ ተይዞ እንዲመለስ ይፈቅዳል። ለዚህም ነው በ1845 ወደ ብሪታንያ የተሻገረው። ነጻነቱን የእዚያ ወዳጆቹ በገንዘብ የገዙለት በ1846 ነው።

አስተያየት ሰጪው አንድ ጠንካራ ነጥብ ነበረው። አልሸሸውም። ዳግላስ ስለ አያቱ የጻፈው ገጽ እጅግ የተዋበ ነው። ሲያረጁ ጫካ ውስጥ ጎጆ ተሠርቶላቸው ብቻቸውን እንዲሞቱ ተጣሉ ይላል። ከዚያ ግሶቹ ይደረደራሉ፤ ትቆማለች፣ ትቀመጣለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ትወድቃለች፣ ታቃስታለች፣ ትሞታለች። (እግረ መንገዴን፦ በአማርኛ እነዚህ ግሶች በራሳቸው ቤት ይመታሉ። እንግሊዝኛው ይህን ያህል ግጥም አይደለም። በትርጉም ብቻ የሚተነትን ሰው ይጠንቀቅ።) ዳግላስ ይህን በዓይኑ አላየም። «በሕይወት ካለች» ብሎ ነው የሚጀምረው። በ1848 ለቀድሞ ጌታው፣ ለሂዩ ወንድም ለቶማስ ኦልድ በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ግን አያቴን እንዳረጀ ፈረስ ጣልካት ብሎ ከሰሰው። በ1849 ኦልድ አሮጊቷን ወስዶ እንደጦራቸው ሲያውቅ፣ ክሱ ልክ እንዳልነበረ በይፋ ጻፈ።

ስለዚህ አዎ፣ ያማረ ገጽም ሊሳሳት ይችላል። ግን ስህተቱ የመረጃ ነው። ያልተዋበ ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ ይሳሳታል። የሚጣራው ማን አየ፣ ማን ሰማ፣ ሌላ ማስረጃ ምን ይላል በሚለው ነው። በማማሩ መጠን አይደለም።

በማማር መለካት ምን እንደሚያመጣ እንደ ዳግላስ ከባርነት ያመለጠችው የሃሪየት ጃኮብስ ግለ ታሪክ ያሳያል። በ1861 በብዕር ስም አሳተመችው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ብዙ ምሁራን ልብ ወለድ ነው፣ ወይም አርታኢዋ ነጭ ሴት ናት የጻፈችው ብለው አለፉት። ጂን ፋገን የሊን የተባለች ተመራማሪ ደብዳቤዎችና ሰነዶች አገላብጣ ጃኮብስ ራሷ እንደጻፈችው፣ ታሪኩም የራሷ ሕይወት እንደሆነ ያረጋገጠችው በ1980ዎቹ ነው። አንዲት ሴት በገዛ መጽሐፏ ባለቤትነት እስክትታመን መቶ ዓመት አለፈ።

የዳግላስ ተጠራጣሪ መልሱን ለማግኘት እንዲህ አልቆየም። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ቶምሰን የሚባል ነጭ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ፍሬድሪክ ቤይሊ (የዳግላስ የቀድሞ ስም ነው) የሚባለውን ባሪያ ኮቪ ዘንድ ሲኖር አውቀዋለሁ፣ ያልተማረ ተራ ሰው ነው፣ ይህን መጽሐፍ ሊጽፍ አይችልም አለ። ዳግላስ በ1846 ከስኮትላንድ መለሰለት። አመሰገነው። ብዙዎች ባሪያ መሆኔን ይጠራጠሩ ነበር፤ አንተ ግን ኮቪ ዘንድ እንደነበርኩ መሰከርክልኝ አለው። በባልቲሞር የታጣው ነጭ ምስክር በመጨረሻ ሳይጠራ ቀረበ።