«ምን ትለምነኛለህ?»

በበጎ አድራጎት ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሥራችን ሁሉ የሚከብደን ሰው ፊት ቀርቦ ገንዘብ መጠየቅ ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዶቻችን እየተሽኮረመምን ዙሪያ ጥምጥም እንሄዳለን። ሰውየው የተፈለገበትን ሳያውቅ ሻዩ አልቆ እንለያያለን። ሌሎቻችን ደግሞ ሰጪውን መፈናፈኛ እናሳጣዋለን።

ነህምያ ምዕራፍ 2ን በዚህ ዓይን አንብቡት። ነህምያ የፋርሱ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በካሴሉ ወር ሰማ፤ ንጉሡን የጠየቀው ግን በኒሳን ነው። በመካከሉ ወራት አልፈዋል። አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ንጉሡ የፊቱን ማዘን አይቶ ሲያናግረው እጅግ መፍራቱንም አልደበቀም። ስለዚህ ከመጠየቃችሁ በፊት ሆዳችሁ ቢገላበጥ እምነት አጣን አትበሉ።

ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» አለው። ነህምያ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየና መለሰ። ንጉሥ ፊት ቆሞ ረጅም ጸሎት የለም፤ ረጅሙ ቀድሞ ተጸልዮአል።

መልሱን ደግሞ እዩት። «የቻሉትን ያድርጉልኝ» አላለም። ሄዶ ኢየሩሳሌምን እንዲሠራ እንዲልከው ለመነ። መቼ እንደሚመለስ ተጠየቀ፤ ጊዜውን ቆርጦ ተናገረ። ከኤፍራጥስ ወንዝ ማዶ ላሉ ገዢዎች፣ እንዲያሳልፉት፣ ደብዳቤ ጠየቀ። ለንጉሡ ደን ጠባቂ ለአሳፍም ሌላ ደብዳቤ፤ እንጨቱ ለምን እንደሚውል ጭምር፦ ለበሮቹ፣ ለከተማው ቅጥር፣ እርሱ ራሱ ለሚገባበት ቤት።

ይህች የመጨረሻዋ ትገርመኛለች። የራሱን ማደሪያ አልደበቀም! እኛ ግን የቢሮ ኪራይ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የነዳጅ ወጪ ሲነሣ እንሸማቀቃለን። እነዚህን ወጪዎች ከዚያው መዋጮ እየከፈልን «እያንዳንዷ ሳንቲም ለተረጂው ትደርሳለች» ብለን የምንጽፍም አለን። ይህ ለመልካም ሥራ የተነገረ ውሸት ነው፤ ውሸትነቱን ግን አይለቅም። ወጪውን ጻፉት። የሚያስፈልግበትን ምክንያት አስረዱ። አስተዋይ ሰጪ ይገባዋል።

መፈናፈኛ ስለማሳጣት ጳውሎስን ስሙት። በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች መዋጮ ሲያሰባስብ ለቆሮንቶስ ሰዎች በግልጽ ጽፏል። የመቄዶንያ ምእመናን በድህነታቸው መካከል እንዴት እንደ ሰጡ እየነገረ አነሣሥቷቸዋል። ነገር ግን «እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፥ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» አለ (2ኛ ቆሮ. 9፥7)። «ካልሰጠህ በረከትህ ይዘጋል» ማለት ግድ ነው፤ መንፈሳዊ ልብስ ለብሷል እንጂ። የተራበ ሕፃን ፎቶ ያለ ወላጁ ፈቃድ መለጠፍም ያው ነው፤ የሕፃኑንም ክብር ይነካል።

ሒሳቡ ላይም ጳውሎስ ቀልድ አያውቅም። ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ ይሄድ ነበር። በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል (2ኛ ቆሮ. 8፥21)። «እኛን እግዚአብሔር ያውቀናል» እያልን ደረሰኝ የማንቆርጥ ሰዎች እዚህ ጥቅስ ላይ ቆም ብንል ይሻለናል። ለውኃ ጉድጓድ የተሰጠ ገንዘብም ለመኪና ጥገና አይውልም። አስገዳጅ ነገር ከመጣ ሰጪው አስቀድሞ ይጠየቃል፤ እንቢ ካለም እንቢ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዘጸአት 36 ሕዝቡ ለእግዚአብሔር ማደሪያ ድንኳን ሥራ በየማለዳው ስጦታ ያመጣ ነበር። ሠራተኞቹ ራሳቸው ወደ ሙሴ መጥተው «ከሚበቃው በላይ እያመጣ ነው» አሉት። ሙሴም በሰፈሩ አሳወጀ፤ ሕዝቡ ማምጣቱን ተወ። የያዝነው ፕሮጀክት ገንዘቡ ከሞላ እኛም ለሰጪዎቹ በዚያው ሳምንት ደብዳቤ እንጻፍ። ሞልቷል እንበላቸው። የተረፈውን የት እንድናውለው እንደሚፈቅዱም እንጠይቃቸው።