የወሊድ ዝግጅት ትምህርት በጅማ

የወሊድ ዝግጅት ትምህርት ነፍሰ ጡሯና ቤተሰቧ ምጥ ሳይመጣ ስለ ወሊድ የሚማሩበት ነው። ምጥ እንዴት እንደሚጀምር፣ መቼ ከቤት መውጣት እንደሚያስፈልግ፣ ሕመሙን በአተነፋፈስ፣ በመንቀሳቀስና ወገብ በማሸት እንዴት ማቅለል እንደሚቻል፣ ሕፃኑ ጡት እንዴት እንደሚይዝ ይነገርበታል። በጅማ ይህ ትምህርት በአብዛኛው ተመዝግበው የሚከፍሉበት ኮርስ አይደለም። የሚገኘው በቅድመ ወሊድ ክትትል፣ በነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ (በየቀበሌው ነፍሰ ጡሮች በሚሰበሰቡበት ስብሰባ) እና ወሯ የገባ እናት ወሊድ በምትጠብቅበት የእናቶች ማቆያ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ልማር ወይስ ይቅርብኝ?» የምትል እናት የምትወስነው አንድ ነገር ነው። ተመርምራ፣ ካርዷን ተቀብላ ትመለስ ወይስ አዋላጇ ስትጠራ ቁጭ ብላ ትስማ?

በአውሮፓ ትምህርቱ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ-ሪድ ፍርሃት ሕመምን ያባብሳል ሲል አስተማረ። በ1950ዎቹ ፈረንሳዊው ፈርናንድ ላማዝ የአተነፋፈስ ልምምዱን አስፋፋ።

የጅማ ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲከፈት ነው። ኢንስቲትዩቱ ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተማሪዎቹን ገና በትምህርት ላይ ሳሉ ወደ ኅብረተሰቡ ማሰማራቱ የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ ነው፤ ጅማም በዚህ ብትኮራ ያምርባታል። ሆስፒታሉ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ሲሆን ከከተማዋና ከዞኑ አልፎ የመላው ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሪፈር መቀበያ ነው። በከተማው የሸነን ጊቤ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያዎችም ያዋልዳሉ።

በገጠሩ ሁኔታውን የለወጠው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ በአገሪቱ ከ30,000 በላይ ሴቶችን አሰማራ። በየቀበሌው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሠራተኞች ይመደባሉ። ፕሮግራሙ ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ነበሩ፤ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። በጅማ ዞን ይህ ማለት አፋን ኦሮሞ ነው። ትምህርቱ ሰው ጆሮ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ማን እንዳረገዘች፣ የማን ወር እንደገባ ያውቃሉ። ነፍሰ ጡሮቹን ሰብስበው ኮንፈረንስ የሚጠሩትም እነሱ ናቸው፤ አዋላጇ ከጤና ጣቢያ ትመጣለች።

ኮንፈረንሱ ጤና ኬላ ውስጥ ወይም ግቢው ያለ ዛፍ ጥላ ሥር ይካሄዳል። ቡና ይፈላል፤ በጅማ ያለ ቡና ስብሰባ አይደምቅም። አዋላጇ መጀመሪያ የአደጋ ምልክቶቹን ትዘረዝራለች፤ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የእንሽርት ውሃ ቀድሞ መፍሰስ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከዚያ ወደ ጥያቄዎቹ ትሄዳለች። የት ትወልጃለሽ? በምን ትሄጃለሽ? ልጆቹን ማን ይጠብቅልሻል? ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጥሻል? የመጨረሻው ጥያቄ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ዝም ይባላል። ባልና አማት አብረው ቢመጡ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ባጃጅ ጠርታ፣ ብር ቆጥራ፣ ደም ሰጪ ፈልጋ አይሆንላትም። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ደግሞ ቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረቤቶች ቀድመው መታወቅ አለባቸው።

ሌላው መማሪያ የእናቶች ማቆያ ነው። ቤቷ ሩቅ የሆነ ወይም ስጋት ያለባት እናት ወሯ ሲገባ ጤና ጣቢያው ግቢ መጥታ ትቆያለች። በኢትዮጵያ ይህ አሠራር የሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጉራጌ ውስጥ ባለው የአጣጥ ሆስፒታል ነው። በጅማ ዞን ደግሞ ጎማ፣ ቀርሳና ሰቃ ጮቆርሳ ወረዳዎች ላይ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሻሻሉ ማቆያዎችን ሞክሯል። ለአካባቢ መሪዎች ሥልጠናም ተሰጥቷል። ይህን ባገኙና ባላገኙ አካባቢዎች መካከል በጤና ተቋም መውለድ ላይ የታየው ልዩነት በስታትስቲክስ ጉልህ አልነበረም። ይህ ግን ማቆያው አይጠቅምም ማለት አይደለም። ማቆያው ቢሻሻልም የቤት ሥራውን፣ ከብቱንና ልጆቹን የሚረከብ ሰው ከሌለ እናትየው አትመጣም፤ በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ይብሳል። በማቆያው ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ ሲዋል የወለደችው ላልወለደችው ታወራለች። ይህም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ትምህርቱ ምን ያህል ይረዳል የሚለው አከራካሪ ነው። የክፍል ትምህርት ብቻውን ሕመምን ወይም ኦፕራሲዮንን መቀነሱ በጥናት በግልጽ አልተረጋገጠም። በምጥ ጊዜ አጠገብ የሚቆይ ደጋፊ መኖሩ ግን እንደሚጠቅም በቂ ማስረጃ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክረዋል። ስለዚህ እናቷ፣ እህቷ ወይም ባሏ አብሯት ከተማረ ትምህርቱ ዋጋው ከፍ ይላል። ተቋሙ ደጋፊ ያስገባ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ያለ ጥርጥር መማር ያለባት የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ናት። ብዙ የወለደችም ብትሆን ደም ፈሷት የሚያውቅ ወይም ቤቷ ከጤና ጣቢያ የራቀ ከሆነ አትለፈው። በከተማ ያለች፣ ክትትሏን የምትጨርስ፣ ጥያቄዋን የምትጠይቅ እናት ግን ተጨማሪ ኮርስ ባታገኝ ብዙ አይቀርባትም። በአገር አቀፍ ደረጃ በጤና ተቋም የሚወለዱት እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ገደማ ነበሩ። በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ደርሰዋል። የቀሩት እናቶች ብዙዎቹ ገጠር ያሉ ናቸው፤ ኮንፈረንሱም በዋናነት የሚጠራው ለእነሱ ነው።

ክትትሉ ቀድሞ አራት ጊዜ ነበር፤ አሁን መመሪያው ስምንት ይላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በነጻ ነው። ዘግይታ የጀመረችም ብትሆን በቀጠሮዋ ቀን አዋላጇን ኮንፈረንሱ መቼ እንደሆነ ጠይቃ፣ ምጥ ሲመጣ አብሯት የሚሆነውን ሰው ይዛ መሄድ ትችላለች።