የዳላሱ የመጻሕፍት መጋዘን

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ ከተማ ዲሊ አደባባይ ዳር የቆመው የቀይ ጡብ ሕንፃ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ከመገደላቸው በፊት ማንም ልብ የማይለው መጋዘን ነበር። የተሠራው በ1901 (በዚህ ጽሑፍ ቀኖቹና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ ባለቤቱም የእርሻ መሣሪያ ነጋዴ ኩባንያ ነበር። «የቴክሳስ ትምህርት ቤቶች የመጻሕፍት መጋዘን» የሚለውን የታወቀበትን ስም ያገኘው ግን ለትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍት ከሚያከፋፍል ተከራይ ድርጅት ነው፤ ስሙ የመንግሥት ቢያስመስለውም ድርጅቱ የግል ነበር።

ኅዳር 22 ቀን 1963 ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከስድስተኛው ደርብ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ጥይት ተተኮሰ። ምድር ቤቱን ከፎቅ ለማንቆጥር ለእኛ ይህ አምስተኛ ፎቅ ነው፤ ቀኑም በኢትዮጵያ ኅዳር 12፣ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነበር። በዚያ ሰሞን የደርቡ ወለል በጣውላ እየታደሰ ስለነበር በመጻሕፍት የተሞሉት ካርቶኖች ወደ አንድ ወገን ተገፍተው ተከምረው ነበር፤ በመስኮቱ ጥግ የነበረውም ክምር ከውስጥ ለሚመለከት ሰው እንደ ግድግዳ የሚጋርድ ነበር። ፖሊስ በመስኮቱ ሥር ሦስት የጥይት ቀለሆች፣ በደረጃው አጠገብ ደግሞ በካርቶኖች መካከል የተሸጎጠ ጠመንጃ አገኘ። ተጠርጣሪው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ በመጋዘኑ ከተቀጠረ ገና ከአንድ ወር ጥቂት ቢያልፈው ነው። ግድያውን እንዲመረምር የተቋቋመው የዋረን ኮሚሽን በ1964 ድርጊቱን ብቻውን እንደፈጸመው ደመደመ፤ የምክር ቤት ኮሚቴ ግን በ1979 ተባባሪ ሳይኖረው እንደማይቀር ገለጸ። በግድያው ዓመት፣ በ1963 ጥቅምት ወር በዋሽንግተን የኬኔዲ እንግዳ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከደጎል ጎን ሆነው አስከሬኑን በእግር ሸኙ።

ከዚያ በኋላ ሕንፃው ለከተማይቱ የኀፍረት ምልክት ሆነ። ይፍረስ የሚሉት ብዙ ነበሩ፤ የመጻሕፍቱ ድርጅት በ1970 ለቅቆ ከወጣ በኋላ በ1972 በእሳት ለማጋየት ተሞክሯል። የዳላስ ካውንቲ በ1977 ገዝቶ የታችኞቹን አምስት ደርቦች ለአስተዳደሩ ቢሮነት ሲያድስ ስድስተኛውን ባዶውን ተወው። ይሁን እንጂ ያን መስኮት ካላየን የሚሉ መንገደኞች አልጠፉም፤ ደርቡን ለዘለቄታው ዘግቶ ማቆየት እንደማይቻል ያሳዩትም እነርሱ ይመስሉኛል።

በስድስተኛው ደርብ ሙዚየም የተከፈተው የካቲት 20 ቀን 1989፣ ከግድያው ከ25 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ጎብኚው ከቢሮ ባለጉዳይ ጋር እንዳይቀላቀል ከሕንፃው ጀርባ ራሱን የቻለ የአሳንሰር ማማ ተሠራ። ዐውደ ርእዩ የኬኔዲን ሕይወትና ዘመን፣ የግድያውን ዕለት፣ ምርመራውንና ክርክሩን ያሳያል። ከሁሉም የተሳካው የጥጉ አያያዝ ነው፤ ካርቶኖቹ በፖሊስ ፎቶግራፎች መሠረት በአምሳያ ተደርድረው በመስታወት ስለታጠሩ፣ ጎብኚው አደባባዩን ከአጠገቡ ካሉት መስኮቶች ያያል እንጂ በተኳሹ ቦታ አይቆምም። ቦታውን ከመዝናኛነት ያዳነው ይህ ቁጥብነት ነው። ሰባተኛው ደርብ በ2002 ተጨምሯል፤ አደባባዩና ዙሪያውም ከ1993 ጀምሮ በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ክርክሩ ግን በሕንፃው ደጃፍ እንዳለ ነው። የግዛቱ የታሪክ ኮሚሽን በግድግዳው ላይ ያኖረው ሰሌዳ ኦስዋልድን «ገደለ» አይለውም፣ «ገደለ የተባለው» እንጂ፤ ይህንኑ «የተባለው» የሚለውን ቃል አላፊ አግዳሚው በጭረት ከብቦታል።