«ሌላ ባንክ ብገባ መሰልቸቱ ይለቀኛል» ለምትሉ

ባንክ ውስጥ በሰው ኃይል ክፍል የሠራ ሰው አንድ ንግግር በቃሉ ያውቃል፦ «ሥራው ታከተኝ፣ የሥራ ልምድ ይጻፍልኝ።» መልቀቅ መብት ነው፤ እጽፋለሁ። የሚያናድደኝ ከደብዳቤው ጀርባ ያለው፣ ስለ ሥራ መሰልቸት የሚነገረው የተሳሳተ እምነት ነው። አንድ በአንድ እንየው።

«ሥራ የሚሰለቸው ሰነፍ ነው።» ኧረ በጭራሽ! ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰለቸው ሥራውን ቶሎ የለመደው ጎበዝ ነው። ለሰነፍማ የማይለወጥ ሥራ ምቾት ነው።

«ፈቃድ ብወጣ ይስተካከላል።» ድካም ከሆነ፣ አዎ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ውሰዱት። መሰልቸት ከሆነ ግን ስትመለሱ ወንበራችሁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

«ደመወዝ ቢጨመርልኝ እነቃቃ ነበር።» በዚህ የኑሮ ውድነት ገንዘብ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ካለ የቤት ኪራይ የማይከፍል ነው። ግን ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መሐንዲሶችንና የሂሳብ ሠራተኞችን ጠይቆ የደረሰበት ነገር አለ። ደመወዝ ሲያንስ ሰው ይማረራል፤ ሥራውን የሚያስወድደው ግን በአብዛኛው ውጤት ማየት፣ መመስገንና ኃላፊነት ማግኘት ነው።

አሁን ወደ ዋናው፦ «ሌላ ባንክ ብገባ ይለቀኛል።»

መስኮት ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ልጅ ትንሽ ሻል ያለ ደመወዝ አግኝቶ ለቀቀ። ክሊራንስ ሲጨርስ ፊቱ በርቶ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ደውሎ «ክፍት ቦታ አለ?» አለኝ። እዚያም ብር መቁጠር፣ መታወቂያ ማየት፣ ማታ ሂሳብ መዝጋት ነው። የተለወጠው የዩኒፎርሙ ቀለም ነው። ምኑ እንደሰለቸው ስጠይቀው፣ «ቀኑን ሙሉ ስቆጥር ማንም አያየኝም፤ ሰው የሚያየኝ ብር ሲጎድልብኝ ብቻ ነው» አለ። ይኼ የባንኩ ስም ጉዳይ ነው እንዴ?

ሃክማንና ኦልድሃም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራን የሚያነቃቃ የሚያደርጉ አምስት ነገሮችን ለይተዋል፦ የተለያየ ችሎታ መጠቀም፣ ሥራን ከጅምር እስከ ፍጻሜ ማየት፣ ለሌላ ሰው መጥቀሙ፣ በራስ መወሰን መቻል፣ ውጤትን ማወቅ። የመስኮት ሥራ ሕዝብ ይጠቅማል፤ ሌሎቹ አራቱ ግን ይሳሳሉ። ሌላ ባንክም እንደዚያው።

አንዲት ልጅ ደግሞ ሳትለቅ ሥራ አስኪያጇን አዲስ ገቢዎችን ላሰልጥን፣ ወረፋ ሲቀንስ ብድር ክፍል ልቀመጥ ብላ ጠየቀች። አንድ የብድር ጥያቄ ከማመልከቻ እስከ ዋስትና ግመታና ውሳኔ እንዴት እንደሚሄድ አየች። ጠዋት ጠዋት ዛሬም ብር ትቆጥራለች፤ የሥራ ልምድ ግን አላስጻፈችም።

ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት የትኛው ሰዓት እንደሚረዝምባችሁ መዝግቡ። ከአምስቱ የጎደለውን ለዩ። አለቃችሁ ዘንድ ገብታችሁ «ሰለቸኝ» አትበሉ፤ ለሱ መፍትሔ የለውም። «ማክሰኞ ከሰዓት ብድር ክፍል ልሥራ፣ መስኮቴን እገሌ ይሸፍናል» በሉ። እባካችሁ ይህን በሰኔ የሂሳብ መዝጊያ አትጠይቁ! እምቢ ካለ ዝውውር ጠይቁ።

ያም ካልሆነ ልቀቁ፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውን ግን ስጡ። አዲሱ ባንክ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራችሁም ከደመወዙ ቀጥላችሁ ይህን ጠይቁ፦ መስኮት ላይ የገባ ሰው እዚያ ምን ያህል ይቆያል? ከዚያስ ወዴት ይዛወራል?