የተቀናጀ የአደጋ ምላሽ ስልጠና ምንድን ነው?

የተቀናጀ የአደጋ ምላሽ ስልጠና ፖሊስ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የአምቡላንስ ባለሙያ፣ ሐኪም፣ የአደጋ ስጋት አመራር ባለሙያና የመስተዳድር ኃላፊ በአንድ ትልቅ አደጋ ላይ ተናብበው እንዲሠሩ አስቀድመው በጋራ የሚወስዱት ስልጠና ነው። እሳት ማጥፋትን ወይም ደም ማቆምን አያስተምርም፤ ያንን ሁሉም በየሙያው ተምሮ ይመጣል ተብሎ ይታሰባል። ትኩረቱ በሙያዎቹ መካከል በሚፈጠረው ክፍተት ላይ ነው፦ ማን ያዝዛል፣ መረጃ ከማን ወደ ማን ይሄዳል፣ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሳይስማሙ ሲቀሩስ ማን ይወስናል?

ለጅማ ሰው ነገሩን ቀረብ አድርጎ ማየት ይቻላል። ከሶኮሩ አልፎ ወደ ጊቤ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስና የነዳጅ ቦቴ ተጋጩ እንበል። ቀድመው የሚደርሱት የአካባቢው ገበሬዎችና አላፊ አሽከርካሪዎች ናቸው። በእግሩ መንቀሳቀስ የሚችለው ተጎጂ ባገኘው አይሱዙ ወይም ሚኒባስ ተሳፍሮ ስለሚሄድ፣ የድንገተኛ ክፍሉ መጀመሪያ የሚሞላው ጉዳታቸው ቀላል በሆነ ሰዎች ነው፤ ከተጨማደደው ብረት ውስጥ የሚወጡት ከባድ ጉዳተኞች ሲደርሱ አልጋውም ሐኪሙም ተይዞ ይገኛል። መንገዱ ከሶኮሩ ወደ ወልቂጤ ሲሄድ ከኦሮሚያ ወደ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ስለሚሻገር፣ ተጎጂዎቹ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይምጡ ወይስ ወደ ወልቂጤ ይሂዱ የሚለው ጥያቄም የአንድ መስተዳድር ጉዳይ ብቻ አይሆንም። ቦቴው እሳት ሊያስነሳ ይችላልና አምቡላንሶቹ የት ይቁሙ የሚለውን የሚመልሰው የእሳት አደጋ ባለሙያው እንጂ ሹፌሩ አይደለም፤ መልሱ ግን ለሹፌሩ በጊዜ መድረስ አለበት።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር በብዙ አገሮች የሚያገለግለው መፍትሔ በ1970 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ከደረሰው ከባድ የሰደድ እሳት በኋላ የተዘረጋው የአደጋ ዕዝ ሥርዓት ነው። በዚያ እሳት ላይ የተሰማሩት መሥሪያ ቤቶች የዕዝ አደረጃጀታቸውም የሬዲዮ ግንኙነታቸውም የተለያየ ነበር። ሥርዓቱ ሥራውን በአመራር፣ በተግባር፣ በዕቅድ፣ በአቅርቦትና በፋይናንስ ይከፍላል፤ አንድ ኃላፊ በቀጥታ የሚመራቸው ሰዎች ከ3 እስከ 7 እንዲሆኑ ይመክራል፤ በሬዲዮ የምስጢር ቁጥር ትቶ ሁሉም የሚረዳውን ግልጽ ቃል መናገርንም ያዝዛል። ለእኛ አገር የሥራ ልማድ የሚከብደው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ሌላው ደንብ ነው፤ በአደጋው ቦታ የሚያዝዘው በሹመት የሚበልጠው ሳይሆን ለዚያ አደጋ ብቁ ሆኖ የተመደበው ነው። ዘግይቶ የደረሰ ትልቅ ባለሥልጣን መጀመሪያ የሁኔታውን ማብራሪያ መቀበል ይኖርበታል፤ ይህንን በወረቀት መጻፍ ቀላል ቢሆንም ሰው የሚለምደው በልምምድ ብቻ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት ናዳ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች በተከተለው ናዳ ተውጠው ከ200 በላይ ሕይወት ጠፍቷል። ለወገን መድረስ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። ሆኖም በዕዝ ሥርዓቱ ውስጥ ከቁፋሮው ራሱን አግልሎ ተራራውን ብቻ የሚመለከት፣ ሥራውንም የማስቆም ሥልጣን ያለው የደህንነት ኃላፊ ለምን እንደሚመደብ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ስልጠናው የሚሰጠው በአብዛኛው በልምምድ ነው። ካሜራ የሚወደው የሙሉ ልምምድ ነው፤ ሳይረን ይጮኻል፣ ቀይ ቀለም የተቀቡ ተማሪዎች መሬት ላይ ይተኛሉ። ይህ አስፈላጊ ነው፤ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብም ኤርፖርቶች ከ2 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እንዲህ ያለ ልምምድ እንዲያደርጉ ይጠይቃል። ለወጣው ብር ብዙ ጉድለት የሚያጋልጠው ግን የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ ይመስለኛል። ኃላፊዎቹ በአንድ ክፍል ካርታ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ አወያዩ በየደረጃው አዲስ መረጃ ይሰጣቸዋል፦ ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ድልድዩ ተዘጋ፣ የደም ክምችቱ አለቀ። የእያንዳንዱ ዕቅድ ባልደረባው ይሠራልኛል ብሎ በተወው ሥራ ላይ እንደቆመ የሚታወቀው በዚያ ጊዜ ነው።

ጅማ ለዚህ ጥሩ መነሻ አላት። በዩኒቨርሲቲዋ የተለያየ የጤና ሙያ የሚማሩ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተደባልቀው ወደ ጤና ጣቢያዎች የሚወጡበት ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ከቆየ ሰንብቷል። ትራፊክ ፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከእነዚህ የነገ ሐኪሞችና ነርሶች ጋር የሚቀመጡበት የሁለት ቀን የጠረጴዛ ልምምድ ቢጨመርበት፣ ወጪው ከአዳራሽና ከሻይ ብዙም አያልፍም።

ልምምድ ካለቀ በኋላ ተሳታፊዎች በዚያው ዕለት ተቀምጠው ምን ታቅዶ እንደነበር፣ ምን እንደተፈጸመና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ይገመግማሉ። ለእያንዳንዱ ጉድለት የሚያርመው መሥሪያ ቤትና የማረሚያው ቀን ይጻፋል፤ የሚቀጥለው ልምምድም ሆን ተብሎ በእነዚያው ጉድለቶች ላይ ይዘጋጃል።