የፕራይድ ጠረጋ ምንድን ነው?

ቀኑ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1648 ነው፤ ቦታው ለንደን፣ ዌስትሚኒስተር። ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ በሚያስገባው ደረጃ ላይ አንድ ኮሎኔል ወታደሮቹን አሰልፎ ቆሟል። በእጁ የስም ዝርዝር ይዟል። ማን ማን እንደሆነ ለይቶ እንዲያሳየው የምክር ቤቱ አባል ሎርድ ግሬይ አጠገቡ አለ። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለ ተመራጭ አይገባም። ዊልያም ፕሪን የተባለው እንደራሴ በግድ ልግባ ብሎ ሲታገል ጎትተው አወረዱት። ከታሰሩት ብዙዎቹ ያን ሌሊት ያደሩት «ገሃነም» በሚባል መጠጥ ቤት ነው።

የፕራይድ ጠረጋ የሚባለው ይሄ ነው። የፓርላማው የራሱ ጦር ያልፈለጋቸውን ተመራጮች ከፓርላማ ጠርጎ አስወጣ። ፕራይድ የኮሎኔሉ ስም ነው፦ ቶማስ ፕራይድ። ከጦርነቱ በፊት ቢራ ጠማቂ ነበር፤ በ1645 ኔዝቢ ላይ ከንጉሡ ጦር ጋር ተዋግቷል።

ነገሩ ምን ነበር? የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ከፓርላማው ጋር ሁለት ጊዜ ጦርነት ገጥሞ ሁለቴም ተሸነፈ። ፓርላማው ግን አሁንም ሊደራደረው ፈለገ። ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ አድረው በ129 ለ83 ድምፅ የድርድሩን መንገድ መረጡ። ጓደኞቹን የቀበረ ወታደር ይህን ሲሰማ ደሙ ቢፈላ አይገርመኝም። በማግስቱ ነው ፕራይድ ደረጃው ላይ የቆመው።

45 ያህል ሰዎች ታሰሩ፤ ሌሎች ብዙዎች ከበር ተመለሱ። የቀሩት «ራምፕ» ማለትም ቅሪት ፓርላማ ተባሉ። ንጉሡን ለፍርድ ያቀረቡት እነሱ ናቸው። የሞት ፍርዱን ከፈረሙት 59 ሰዎች አንዱ ራሱ ፕራይድ ነበር። ቻርልስ ጃንዋሪ 30 ቀን 1649 አንገቱ ተቀላ።

እኔ ወታደሮቹ ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ንጉሡ ጥፋተኛ ቢሆንም እንኳ፣ የሕዝብ ተመራጭ በጠመንጃ ከተመለሰ በሩ ለማንም ባለጠመንጃ ክፍት ሆነ ማለት ነው። ይኸው በ1653 የጦሩ አዛዥ ኦሊቨር ክሮምዌል ራምፑንም በወታደር በተነው።

ፕራይድ ግን በቀላሉ የሚፈረጅ ሰው አይደለም። በ1656 ሰሪ የተባለው አውራጃ ተመራጭ ሆኖ ራሱ ፓርላማ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ለክሮምዌል ዘውድ ሲቀርብለት መኮንኖቹን አስተባብሮ ተቃወመ። ክሮምዌልም ዘውዱን አልቀበልም አለ። ፕራይድ በ1658 ሞተ። ንጉሣዊው አገዛዝ ሲመለስ ሬሳው ከመቃብር ወጥቶ እንዲሰቀል ታዝዞ ነበር፤ ትእዛዙ ሳይፈጸም ቀረ።

ከደረጃው የተባረሩት በፌብሯሪ 1660 ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። ፕሪንም አብሯቸው ገባ።